መንገድ ዳር የቆመው ፍሪጅ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሰዓቱንም፣ ሙቀቱንም በዚያው ቀን ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። የቀኑን ሙቀት መመዝገብ የሃያ ዓመት ልማዴ ነው። አንድም ቁጥር አልጨመርኩም።

ዓርብ ቀን... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር። ምዕራብ ኩዊንስላንድ፣ የከብት እርባታችን መግቢያ።

ከመግቢያው እስከ ቤታችን ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ፖስታ እስከ ቤታችን አይመጣልንም። እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እኛም መንገድ ዳር አሮጌ ፍሪጅ አቁመናል። የፖስታ መኪናው ሾፌር ኖርም በሳምንት ሁለት ቀን ሲያልፍ ዕቃችንን እዚያ ውስጥ ትቶልን ይሄዳል።

ፍሪጁ ሞተር የለውም። ፈትቼ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ገመድም የለውም። እዚያ መንገድ ዳርም የመብራት መስመር የለም።

ይህን ልብ በሉልኝ።

የምጠብቀው የልጄን ኢንሱሊን ነበር። ቲልዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ስኳር አለባት። ቤት የቀረን አንድ ጠርሙስ ነበር፤ እሱም ጠዋት ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ሐኪም ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። የማታው መርፌ ደግሞ አይዘለልም።

ከቤት ስወጣ ቲልዳ የወጥ ቤቱን ፍሪጅ ከፍታ ፊቱ ቆማለች።

«ዝጊው። ቅዝቃዜው ይወጣል።»

«ራሴን እያቀዘቀዝኩ ነው፣ አባዬ።»

«ወተት ነሽ እንዴ?»

«ብበላሽስ?»

ኖርም አምስት ሰዓት ላይ ያልፋል። እኔ ግን ጎማ ፈነዳብኝ። ክሪኩ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረኝ። ስደርስ ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይቻለሁ።

ቴርሞሜትሬ ጥላ ሥር አርባ አራት ዲግሪ ይላል። በዚህ ሙቀት፣ ፀሐይ ላይ በዋለ ብረት ውስጥ... መድኃኒቱ አብቅቶለታል።

የፍሪጁን በር ሳብኩት።

ቅዝቃዜ ፊቴን መታኝ።

ቴርሞሜትሩን ውስጥ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ። አምስት ደቂቃ... አሥር ደቂቃ...

አራት ዲግሪ።

የኢንሱሊኑ ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ኖርም ሁልጊዜ ታች ነው የሚያስቀምጠው።

መሬቱን አየሁ። አቧራው ላይ የእኔ ዱካ ብቻ ነው ያለው። የጭነት መኪና ጎማም አላለፈበትም።

ነፋስ ጠርጎት ይሆናል አልኩ።

ነፋስ አልነበረም።

ሳጥኑ አልተከፈተም። የተጻፈበት የልጄ ስም ትክክል ነው። ጊዜው አላለፈም። ሦስቴ አነበብኩት።

እናንተስ ብትሆኑ... ትታችሁት ትመለሱ ነበር?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርፌውን ወጋኋት።

«ይቀዘቅዛል» አለች ሆዷን ይዛ።

«ጥሩ ነው። አልተበላሸም ማለት ነው።»

ሄዳ ተኛች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመገናኛ ሬዲዮው ኮሸኮሸ። ኖርም ነው።

«ወንድሜ፣ ስታማኝ ነው የዋልከው፣ አይደል?»

«ለምን?»

«ይህ ቆርቆሮ መኪናዬ ተሰብሮ ከከተማ ሳልወጣ ዋልኩ። የልጅቷ ሳጥን እዚህ አጠገቤ ነው። ነገ በማለዳ...»

የከፈትኩትን ሳጥን ዞሬ አየሁት።

«አለህ?» አለ ኖርም። «ስማኝ... ዛሬ የሚሆን አላት፣ አይደል?»

የሬዲዮውን መነጋገሪያ ጥዬ ተነሣሁ።

ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ሁልጊዜ እግሯ ሥር የሚተኛው ውሻችን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል።

በሩን ከፈትኩ።

ቲልዳ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ፈገግ ብላለች። ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ግንባሯ ላይ ግን አንዲት የላብ ጠብታ የለም።

በተነፈሰች ቁጥር ከአፏ ነጭ ጉም ይወጣል።

ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር አደረግኩ። አምስት ደቂቃ... አሥር ደቂቃ...

አራት ዲግሪ።

«አባዬ...» አለች በሹክሹክታ።

«ወይ፣ ልጄ።»

«በሩን ዝጋው። ቅዝቃዜው ይወጣል።»