ኩኩ እና ከወንዝ ያልተቀዳው ውሃ

ኩኩ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ወንዝ ዳር፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አቡሽ የሚባል የአራት ዓመት ወንድም አላት። ኩኩ ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ግን ተሳሳተች። እናንተስ ተሳስታችሁ አታውቁም? አሃ፣ ዝም አላችሁ!

በዚያ ሰፈር ወንዙን ከቆሻሻ የሚጠብቅ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። ኃላፊዋን ልጆቹ «እትዬ ወንዝ» ይሏቸዋል። እሳቸውም አንድ ቀን ለልጆቹ ባዶ ጠርሙስ አደሉ።

«ከየቤታችሁ ጀርባ የወንዙን ውሃ ቀድታችሁ ነገ አምጡልኝ፤ ወንዙ የት የት እንደቆሸሸ እናያለን። እጃችሁ እንዳይነካው፤ ጠርሙሱን በገመድ አውርዱት» አሉ።

ኩኩ ቀዳች። ውሃው አረፋ አለው። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኩኩ አፈረች። እናቷ እንግዳ ሊመጣ ሲል «ገመናችንን ሰው አይይብን» እያለች የተቀደደውን ሶፋ በጨርቅ ትሸፍናለች። ታዲያ ይህ የሚሸት ውሃስ የቤታቸው ገመና አይደል? ዞር ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። የወንዙን ውሃ ደፋችና ጠርሙሱን ከቧንቧ ሞላችው።

«ዋሸሁ እንዴ?» ብላ አሰበች። «ውሸት በአፍ ነው። እኔ አፌን አልከፈትኩም።» ግራ ገባት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

በማግሥቱ ጠርሙሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። የሁሉም ደፍርሷል፤ የኩኩ ግን ኩልል ብሏል። ለማየት የመጣው የሰፈሩ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ ወንዝ ብቻ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«ከላይ ቆሻሻ፣ ከታች ቆሻሻ፣ መሀሉ ንጹሕ! ወንዙ እነ ኩኩ ቤት ሲደርስ ገላውን ይታጠባል እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። «እንግዲህ ወንዙ ዳር ልንተክለው ያመጣነው፣ ውሃ የሚያጣራው ሸምበቆ ለአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚበቃን። እነ ኩኩ ጋ ካላስፈለገ፣ ታች ሰፈር ይተከል።»

ኩኩ ይባስ ግራ ገባት። ጭብጨባው ለእሷ፣ ሸምበቆው ለሌላ!

ቤት ስትደርስ ደግሞ ክው አለች። አቡሽ ጫማውን አውልቆ፣ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ወንዙ እየወረደ ነው።

«እማዬ፣ አታስገቢው!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል? ውሃው ንጹሕ ሆኗል የሚል ወሬ ከአንቺ ቀድሞ ደርሷል! ራስሽ የወሰድሽው ውሃ እኮ ነው!»

«የቧንቧ ነው! ከቧንቧ ነው የቀዳሁት!» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

እናቷ አቡሽን ብድግ አድርጋ አቀፈችው። 

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ገመናችንን ሰው አይይብን ትዪ የለ?»

 እናቷ እንባዋን ጠረገችላትና፣ «ልጄ፣ ገመና የሚሸፈነው ከሚያሾፍ ሰው ነው። ለሚረዳ ሰውማ ይነገራል። ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው። መዋሸትሽ ግን የራስሽ ነው» አለቻት።

ኩኩ እየሮጠች እትዬ ወንዝ ዘንድ ሄደች። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። ይቆጡኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን በረጅሙ ተነፈሱ።

«እሰይ! እኔማ ጠርሙስሽን ካየሁ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ ብዬ ነበር። ነይ፣ አብረን እንቅዳ።»

አብረው ቀዱ። ከሰፈሩ ሁሉ የባሰው ውሃ የእነ ኩኩ ሆኖ ተገኘ።

«ሸምበቆው እዚህ ነው የሚተከለው» አሉ እትዬ ወንዝ። «እዚህ ከተጣራ ለታችኛውም ሰፈር ይተርፋል።»

ያን ዕለት ማታ ኩኩ ተንበርክካ፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ይቅር በለኝ። አቡሽ ምንም ስላልሆነ አመሰግንሃለሁ» ብላ ጸለየች። ከዚያ እፎይ ብላ ተኛች።

ልጆች፣ ጉድለትን ደብቆ ሰውን ማሳሳት ውሸት ነው፤ እውነቱን የተናገረ ግን ምሕረትም እርዳታም ያገኛል።