ቀኝ እጄ ብቻውን የሮጠበት ጠዋት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው...

ጨለማም አትጠብቁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታለች። ቦታው ከሰፈራችን በታች ያለው የሐይቅ ዳር አስፋልት ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰዓት በመምረጥ ነው። ሩጫና ብስክሌት የሚመዘግብ፣ ያለህበትን በጂፒኤስ የሚያሳይ የእጅ ሰዓት።

ታናሽ ወንድሜ ሯጭ ነበር። ከቅጥነቱ የተነሳ «ክሩ» ነው የምንለው። ሰዓት ሲያስር ማሰሪያው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ካልደረሰ አይጠብቅለትም። እሱ ሲሮጥ እኔ በብስክሌት አጅበዋለሁ። ሁሌም በቀኜ በኩል ነበር የሚሮጠው።

አምና አንድ ጠዋት ብቻውን ወጣ።

አልተመለሰም... ጫማው እንኳን አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ያለሁበትን በስልኳ ካላየች ከበር አታስወጣኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ አልፈርድባትም። እኔ ደግሞ ካልሮጥኩ አብዳለሁ።

ባለሱቁ ግን ቀድሞ ሊያሳብደኝ ነበር። አንዱ ሰዓት እንቅልፍ ይለካል። አንዱ «ውሃ ጠጣ» እያለ ይጨቀጭቃል። ሌላው ገና ከሰፈር ሳልወጣ ባትሪው ያልቃል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት እንዳለሁ ለእናቴ ይንገርልኝ!

በመጨረሻ ሁለት ሰዓት አውጥቶ፣ አስረህ ሞክርና የተሻለውን ውሰድ አለኝ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አሰርኩ። በእማዬ ስልክ ላይ የግራው ሰማያዊ ነጥብ፣ የቀኙ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

በብስክሌት ሐይቁን ሳላጋምስ ደወለች።

«ቀዩ ውሃ ውስጥ ነው» አለች።

«አስፋልት ላይ ነኝ እማ።»

«ውሃው መሀል ነው እኮ የምልህ...»

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ይቅርታ ጠይቆ ቀዩን በሌላ ቀየረልኝ።

በማግስቱም ያው። እዚያው ቦታ ሲደርስ ቀዩ አስፋልቱን ለቆ ሐይቅ ገባ።

እንግዲያው እጅ ቀይር አለኝ ባለሱቁ፣ እሱም መሮት። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አሰርኩ።

አሁን ሰማያዊው ገባ...

ችግሩ ሰዓቱ አልነበረም። ቀኝ እጄ ነው።

ይህን ለባለሱቁ ነገርኩት። እጄን አየና ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሱቅ እንድሞክር ለመነኝ።

እልህ ያዘኝ። በነጋታው ቀዩን ወደ ቀኜ መልሼ፣ ብስክሌቱን ትቼ በእግሬ ወጣሁ። ያ ጠዋት ነው እንግዲህ።

የግራው እንደ ልማዴ እያዘገምኩ መሆኔን ይናገራል። የቀኙን አየሁት... እጥፍ ፍጥነት። ሁለት እጆቼ ተወዳድረው ነው እንዴ የሚሮጡት? ብቻዬን ተሳደብኩ።

ግን ያንን ፍጥነት አውቀዋለሁ። ስንት ጠዋት በብስክሌት ልደርስበት ለፍቻለሁ።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። ታንሾካሹካለች።

«ቀዩ... ገብቷል።»

«ሐይቁ ውስጥ?»

«ቤት።»

ቆምኩ።

«መታጠቢያ ቤት ውሃ እየፈሰሰ ነው» አለች።

«እማ፣ በሩን እንዳትከፍቺ!»

«ሲጨርስ ይወጣል» አለችና ዘጋችው።

ቀኝ እጄን አየሁ። ባዶ ነው። የማሰሪያው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። እማዬ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የክሩ ፎጣ አለ። ውሃው ቆሟል።

በሩን በረገድኩት። ማንም የለም። ቤቱ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል።

ክሩ ሰዓቱን የሚያስቀምጥበት የመስኮት ደፍ ላይ፣ የእኔ ሰዓት ነበር። እርጥብ ነው። ማሰሪያው እንደታሰረ ነው...

በመጨረሻው ቀዳዳ።

የሰዓቱ መስታወት ላይ ጽሑፍ ይበራል፦ «ሩጫው ለጊዜው ቆሟል። ይቀጥል?»

እጄን ሳልዘረጋ እማዬ ቀደመችኝ። «አዎ»ን ነካችው።

ስልኳ ላይ ቀዩ ነጥብ ከቤት ወጣ። ወደ ሐይቁ ወረደ።

ከዚያ ሰማያዊው ተከተለው።

ሰማያዊው ሰዓት ግራ እጄ ላይ ነው። እኔም ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።

«ልጄ፣ አንተ እንኳን ቅርልኝ» አለች እማዬ እያለቀሰች።

እዚህ ነኝ አልኳት። ትከሻዋን ይዤ ወዘወዝኳት። «እማ፣ እዚህ ነኝ እኮ!»

ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም።