አብሮኝ የወጣው ሰው

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ጋ አቁሙ፤ አልቀየማችሁም። እኔም የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው።

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ ነው የሆነው።

ሌሊት አይደለም። መቃብር፣ ጫካ፣ ምናምን የለበትም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ወታደር በሚጠብቀው አስፋልት ላይ ነው።

እኔና የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የምንሠራው ሳሙና ፋብሪካ ነው። እኔ መቁረጫ ማሽን ላይ፣ እሱ ማሸጊያ ላይ። የሚኖረውም እኛው ጋ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ፋብሪካው በሙሉ "ራዲዮ" ይለዋል። ከተነሳ እስኪተኛ ያወራላ! አፉ ከወሬ የሚያርፈው ሲያፏጭ ብቻ ነው።

በሰፈራችንና በፋብሪካው መሀል የጦር ካምፕ አለ። ዙሪያውን እንሂድ ካልን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብናል። በካምፑ ውስጥ ካለፍን ግን በብስክሌት ሩብ ሰዓት ነው። ድሮ ለወታደሮቹ እጃችንን እያውለበለብን እናልፍ ነበር።

በኋላ ጥበቃው ጠበቀ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አንድ ቀን ስንደርስ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል።

ብስክሌተኛ ብቻውን አይገባም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። አንዱ ለአንዱ ዋስ ነው። ውስጥ መቆም ክልክል ነው። ወደ ኋላ መመለስም ክልክል ነው። አብረው የገቡ አብረው ይወጣሉ። አንዱ ካጠፋ የሁለቱም ፈቃድ ይሰረዛል።

ራዲዮ አንብቦ ከት ብሎ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ይሄማ ጋብቻ ነው!"

ያን ቀን ጠዋት ያረፈድኩት እኔ ነበርኩ። ሸሚዜን ስፈልግ፣ ጫማዬን ስፈልግ... እሱ ብስክሌቱን ይዞ ደጅ ላይ ሲጠብቀኝ ነበር። አለቃችን ደግሞ "ሌላ ቀን ብታረፍድ እዚህ እንዳትመጣ" ብሎኛል። አለቃችን ያለውን ያደርጋል።

ገባን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ዝገት የበላው የውሃ ታንከር አለ። እሱ አጠገብ ስንደርስ ከኋላዬ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ጋሼ... ሰንሰለቴ ወለቀ። አንዴ ጠብቀኝ።"

"መቆም ክልክል ነው!"

"አንድ ደቂቃ ብቻ..."

አልቆምኩም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላቅማማሁም እንኳ። ደጅ ላይ ቆሞ የጠበቀኝን ልጅ ጥዬው ሄድኩ። ደንቡን ሰበብ አደረግኩት እንጂ የፈራሁት አለቃዬን ነው።

መውጫው በር ላይ ብቻዬን ስደርስ ነው የባነንኩት። አብረው የገቡ አብረው ይወጣሉ... ምን ልበለው?

ወታደሩ ግን ለምን ብቻህን መጣህ አላለኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ።

"ያ ነው አብሮህ የገባው?"

ከኋላዬ የብስክሌት ፍሬን ሲጢጥ አለ።

እንዴት ደረሰ? ብዬ አልጠየቅኩም። ደስታዬ ሌላ ነበር።

"አዎ" አልኩ።

"ዞር ብለህ እየው እንጂ!"

በግማሽ ዞርኩ። ጎማ አየሁ። የፋብሪካችንን ሰማያዊ ቱታ አየሁ። ያ በቃኝ።

"እሱ ነው።"

"ዋስ ነህ?"

"ዋስ ነኝ።"

ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሥራ ቦታ በሰዓቱ ደረስኩ። በዕረፍት ሰዓት ይቅርታ ልጠይቀው ወደ ማሸጊያው ሄድኩ። ካርቶን እያጠፈ ነበር። እጁን አየሁት።

ንጹሕ ነው።

ሰንሰለት የነካ እጅ ታውቃላችሁ። ግራሶው ጥፍር ሥር ገብቶ ለቀናት አይለቅም። የእሱ ግን ጠብታ ጥቁር የለበትም። ሳሙና ፋብሪካ ስለሆንን ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

"እንዴት ቶሎ አስተካከልከው?"

ፈገግ አለ።

"አንተ እንደምታውቀው ጋሼ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ራዲዮ ማውራቱን አላቆመም። እንደ ድሮው ያወራል። እንደ ድሮው ይስቃል። ግን...

"ራዲዮ ድጋሚ ስርጭት ጀመረ!" አሉ ማሸጊያ ላይ ያሉት ሴቶች። የድሮ ቀልዶቹን እየደገመ ነበር።

ሁሉም ይስቃል። እኔ ልብ ብዬ አዳመጥኩት። የሚያወራው በሙሉ እኔ የማውቀው ነው። ለእኔ የነገረኝ፣ ወይ እኔ ባለሁበት ያወራው። ከዚያ ውጪ አንዲት ቃል የለችም።

ዓመታት አንድ ግቢ ኖረን ስለዚያ ልጅ የማውቀው በሁለት ቀን አለቀ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያወራ ለካ አልሰማውም ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ ባለቤቴ ሳቅ እያለች፣ "ያ የአንደኛ ክፍል አስተማሪያችን ትዝ ይልሃል?" አለችው።

ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አፉን ከፈት አድርጎ... ጠበቀ።

ዝምታው ጨነቀኝ። ዝም ብዬ ገመትኩ።

"ባለ ከዘራው ይሆን?"

"አዎ! ባለ ከዘራው!" አለ ወዲያው። ሳቀ። "እንዴት እንደሚያስፈራን!"

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሱ ተነስቶ ወደ ክፍሉ እስኪሄድ ጠበቀች።

"አስተማሪያችን ሴት ናት" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከዘራ የሚባል አልነበራትም።"

"ረስቶት ይሆናላ..."

"ወንድሜን ምን አደረግከው?"

"ምን አደርገዋለሁ?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ያን ማታ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም።

ጠዋት ጠዋት ከዚያ ነገር ጋር በካምፑ አልፋለሁ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ጥንዴ እሱ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ። ታንከሩ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ፔዳል በእጅ ሲዞር... ክርርር... ክርርር...

ቀጥሎም ድምፁን።

"ጋሼ... አንዴ ጠብቀኝ።"

እዚያው ነው። ከታንከሩ ሥር ነው።

አብሮኝ የሚሄደው ዞር ብሎ አያይም። ያፏጫል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እረግጣለሁ። በየቀኑ ጥዬው ሄድኩ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን በችኮላ ነው እንበል። የቀሩትንስ ምን እንበላቸው?

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መግቢያው ላይ ላለው ወታደር ተናዘዝኩ። አብሮኝ ያለው ትንሽ ራቅ ብሎ እስኪቆም ጠብቄ ነው።

"ውስጥ የቀረ ሰው አለ" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "የባለቤቴ ወንድም ነው። አብሮኝ ወጥቷል ያልኩት ዋሽቼ ነው።"

ወታደሩ ቀና ብሎ አየኝ።

"ያ ማነው ታዲያ?"

"እሱ... አይደለም።"

"ሁለት ሆናችሁ ገባችሁ። ሁለት ሆናችሁ ወጣችሁ። የጎደለ የለም። ማንን ልፈልግልህ?" አለኝ። ከዚያ እጁን ወደ መንገዱ ወረወረ። "እለፍ! ከኋላህ ሰው አለ።"

ዋስ ነኝ ስላልኩ ማንም አይፈልገውም። እኔ ካልሆንኩ ማንም።

አለፍኩ። ታንከሩ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ።

ከታንከሩ ሥር፣ ብስክሌቱን ገልብጦ፣ ራዲዮ ቁጢጥ ብሏል። እጁ እስከ አንጓው ጠቁሯል።

"ምነው ጋሼ!" አለ ቀና ሳይል። "አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ አልኩህ እኮ። ይኸው ጨረስኩ።"

ለእሱ አንድ ደቂቃ ነው። አልቅሼ አቀፍኩት፣ ላቡ ይሸታል፣ ትንፋሹ ይሞቃል፣ ሰው ነው...

ቀና ሲል ከኋላዬ የቆመውን አየ።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ያኛው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ ሰንሰለቱን ጨበጠ፣ አሸው። እጁ ጠቆረ። "ላግዝህ" አለ።

ያኔ ፊሽካ ተነፋ።

ወታደሮች ከሁለቱም በኩል እየሮጡ መጡ። "ተኛ! ተኛ! መሬት!" ፊቴን ሣሩ ውስጥ ቀበርኩ። የጫማ ድምፅ፣ መጎተት፣ ማገላበጥ... ሲያስነሱን ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ ዓይነት ቱታ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር እጅ። ሁለቱም መታወቂያ አወጡ። ፎቶው አንድ ነው። ቁጥሩም አንድ ነው።

የወታደሮቹ አዛዥ መጥቶ ተራ በተራ አያቸው። አልደነገጠም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ምንም አልደነገጠም።

"ሁለት ሆናችሁ ነው የገባችሁት" አለኝ። "ሁለት ሆናችሁ ትወጣላችሁ። ዋሱ አንተ ነህ። የትኛው ነው?"

"አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው..."

"ጠይቅ።"

ምን ብዬ ልጠይቅ? እኔ የማውቀውን ብጠይቅ ያኛውም ያውቀዋል። የማላውቀውን ብጠይቅ ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ በምን ልለይ? ባለቤቴ ብትኖር በአንድ ቃል ትለየው ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ... መለያ አልነበረኝም።

"ቶሎ በል" አለ አዛዡ።

ሁለቱንም ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። በስተቀኝ ያለው በቁጣ አፈጠጠብኝ። "ጥለኸኝ ሄድክ እኮ ጋሼ" አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "ጠብቄህ ነበር። ደጅ ላይ ቆሜ ጠብቄህ ነበር።"

በስተግራ ያለው ፈገግ አለልኝ። ቂም የለበትም። ምንም የለበትም።

ዓይኔ ያን ቁጣ አልቻለውም። ደከመኝ። የማይወቅሰኝን ፈለግኩ።

በስተግራ ያለውን ጠቆምኩ።

"ዋስ ነህ?"

"ዋስ ነኝ።"

የቀረውን ይዘውት ሲሄዱ አልለመነኝም። ሩቅ ከደረሰ በኋላ ብቻ ዞሮ ጮኸ።

"ለእታለም ባልዲውን በላት! ባልዲውን!"

እታለም የሚላት ባለቤቴን ነው። የባልዲው ነገር ግን አልገባኝም። ልጁ አበደ አልኩ በልቤ። ወይም ያ ነገር ሊያሳስተኝ ነው።

ፈቃዳችንን ቀደው በመጣንበት በር አስወጡን። ሥራው ቀረ። ቤት ስንደርስ እሱ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር እጁን ሊታጠብ ቀረ። እኔ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከሰንሰለቱ ጀምሮ። ምንም ሳልደብቅ።

አልጮኸችም።

"ሲወስዱት ምን አለ?" አለችኝ ብቻ።

"ለእታለም ባልዲውን በላት አለ።"

ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ልጆች ሆነን..." ድምፅዋ አይሰማም ነበር፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። "ነጎድጓድ እፈራ ነበር። ታላቅ እኔ፣ ደፋሩ እሱ። መብረቅ ሲሆን ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቶ መሀል ቤት ይቆምና ይዘፍንልኝ ነበር። እኔ እስክስቅ። ማንም አያውቅም። እናታችን እንኳ አታውቅም። ለአንተም ነግሬህ አላውቅም።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ወንድሜን እዚያ ተውከው።"

ደጅ የቧንቧው ውሃ ቆመ።

ውሃ ሲደፋ ሰማን። ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማን። ከዚያ ዝም አለ።

ቀጥሎ ዘፈን መጣ። የታፈነ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ባለቤቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

በመስኮት አየሁት። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንድ ዳመና የለም። እሱ ግቢው መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባልዲው እስከ ትከሻው ሸፍኖታል። እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ውሃ ያንጠባጥባሉ።

ዘፈኑን ሳያቋርጥ ቀስ እያለ ዞረ... ወደ መስኮቱ።