መስመሩ በቦታው ሳለ

«አስከሬኑን ልትወስጂ ነው? ገና አልተገነዘም፣ እህቴ» አለች ነርስ ጌታነሽ፣ ደጃፉ ላይ ለቆመችው ሴት።

«ዘመድ አይደለሁም። መርማሪ ገሊላ ነኝ።»

«ውይ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይግቡ።»

መሪጌታ ይሥሐቅ በሞላሌ ከተማ ባለችው የግል ክሊኒክ አልጋ ላይ ነጠላ ለብሰው ተጋድመዋል። ቀትር ላይ የኦክስጅን መሣሪያው ደከመ፤ ከኮምፒውተር የሚታዘዘው ማንቂያ ሳይጮህ ቀረ፤ ማንም ሳይደርስላቸው ትንፋሻቸው ተቋረጠ። ፖሊስ ወዲያው የኮምፒውተሩን ክፍል አሽጎ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውን ስንታየሁን ይዞታል።

የክሊኒኩ ባለቤት አባይነህ አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ጣቶቹ ላይ የሥጋ ስብ ያብለጨልጫል። ገሊላ ፊቷን አዞረች።

«ገዳዩ ይሄ ዝርክርክ ነው» አለ በፖሊስ ተይዞ በሩ ላይ ወደቆመው ስንታየሁ እያመለከተ። «‹እኔ ሳልጠየቅ አይነካ› የምትለው ማስታወሻ ጫፍ ላይ ሰረዝ ረስቶ! ዕድሜ ልክ ይገባዋል።»

«ኮምፒውተሩን አይተውታል?»

«እኔ? ነክቼውም አላውቅ! ክሊኒኩን ሊገዙ የመጡ እንግዶች ሳበላ ነው የዋልኩት።»

ገሊላ ወደ ስንታየሁ ዞረች። «ሰረዝ ምን ያደርጋል?»

«በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመር ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ማሽኑ ይዘለዋል። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ ካለ ግን ‹ቀጣዩም መስመር የኔ ነው› ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ትእዛዝ አብሮ ይዘለላል። አምና የአታሚውን ትእዛዝ እንዲያ አስውጬ፣ ጋሼ አባይነህም ሲስቁብኝ ነበር። ዛሬ ግን አልነካሁም፣ በእመብርሃን!»

«ማንቂያው ትናንት ይጮህ ነበር?»

«ጠዋትም ጮኋል» አለች ጌታነሽ። «ጋሼ አባይነህን መሣሪያው ይቀየር ብንላቸው፣ ‹እንግዶቼ ፊት ይህን ጩኸት እንዳልሰማ› አሉን።»

ገሊላ እሽጉን አስከፍታ ሁሉንም አስገባቻቸው። ፋይሉ በማስታወሻ የተሞላ ነው። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች፦

# እኔ ሳልጠየቅ አይነካ \
ማንቂያ = ይጩህ

«ትእዛዙ አልተሰረዘም፤ በቦታው አለ። ማሽኑ ግን የማስታወሻው ቅጥያ ነው ብሎ ዘሎታል» አለች በዝግታ። «ማስታወሻው ብዙ ነው። ሰረዟ የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለች፣ ክፍሉ ከታሸገ ወዲህ ያየ የለም። እርስዎ ግን ቃል በቃል ነገሩኝ፣ አቶ አባይነህ። የስንታየሁን የአምና ስህተት መረጡ፤ ቢታወቅ እሱ ይታሰርበታል።»

የአባይነህ ስንጥር ከእጁ ወደቀ። «እንግዶቼ እስኪበሉ ዝም እንዲል ብዬ እንጂ... መቼ ይሞታሉ አልኩ!»



«ዝም ያሰኘኸው እሳቸውን ነው» አለችው ገሊላ።

ስንታየሁ ተለቀቀ። አባይነህን በእንግዶቹ ፊት አሳልፈው፣ በፖሊስ መኪና ወደ መሐል ሜዳ ጣቢያ ወሰዱት።