ርቀቱ ዜሮ፣ የቀረው ጊዜ አሥራ አራት ደቂቃ

አንድ ዕቃ ከእናንተ ቀድሞ ወሬ የሰማ መስሏችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ሥራዬም ያው ሂሳብ ማስተማር ነው፣ ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ለትምህርት ለንደን መጥቼ እዚሁ መምህርት ሆኜ ቀረሁ፣ ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ "ማረጋገጫው የታለ?" ማለት ልማዴ ነው። ስለዚህ እመኑኝ፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ መርዶ ነው። ሮማን የምትባል ባተርሲ ብቻዋን የምትኖር ወዳጃችን አለች፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ አዲስ አበባ ማረፋቸውን እኛ ማታ ሰማን፣ እሷ ግን አልሰማችም። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ይህን በስልክ አይናገሩትም፣ ሳይነጋ ተሰብስቦ ሄዶ፣ ከቤቷ ሳትወጣ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው የሚነገራት። እሷ ደግሞ በፈረንጆቹ ሰዓት ስድስት ላይ ለሥራ ትወጣለች። ካመለጠችን አንዱ ዘመድ ሳያስብ ደውሎ "እግዜር ያጥናሽ" ሊላት ይችላል፣ ባስ ላይ፣ ብቻዋን፣ በዚያ ሆዷ። የፈራነው ይኸንኑ ነበር።

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው ሰፈር ሄጄ ጋሼ ታደሰንና እትዬ አስካለን በመኪናዬ ጫንኩ። ጋሼ ታደሰ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቃሉን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ እትዬ አስካለ ነርስ ስለሆኑ ለሮማን ብለን አስቸገርናቸው።

"ጋሼ፣ ቤቷን ያውቁታል አይደል?" አልኳቸው።

"እንዴታ! ግን የማውቀው በባስ ነው፣ ፎቁ ላይ ከፊት ተቀምጬ። ከታች ሲያዩትማ ለንደን ሌላ አገር ነው።"

"ታዲያ ምኑን አወቁት!" አሉ እትዬ አስካለ ከኋላ።

መንገድ የሚመራኝን መሣሪያ፣ ሳትናቩን፣ አበራሁት፣ ጋሼ ፖስት ኮዱን ከወረቀት እያነበቡልኝ ፊደል በፊደል ቼክ አድርጌ አስገባሁ። በፈረንጆቹ ሰዓት 5:15 ነበር፣ መሣሪያው 5:42 ትደርሳላችሁ አለን። እሰየው፣ ጊዜ አለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ ታገሱኝ። ሰው ሁሉ ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ መኪናችንን የሚያይ ይመስለዋል፣ አያይም። ሳተላይቶቹ የሚናገሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ "እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህን ያህል ነው" ይላሉ፣ በቃ። መሣሪያው ያንን ቃል ከአራት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ሳተላይቶች ይሰማል፣ የእያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል እንደዘገየ ያሰላል፣ ከዚያ የት እንዳለን ያውቃል፣ መንገዱን ደግሞ ውስጡ ከተጫነው ካርታ ላይ ይመርጣል። ልብ በሉ፣ የእኔው መሣሪያ ይሰማል እንጂ ለማንም አይናገርም፣ ሰውን አያውቅም፣ ስለ ሰውም የሚነግረው የለም።

ኬኒንግተን የሚባል ሰፈር ስንደርስ መሣሪያው በዚያ በፈረንጅ ሴት ድምፁ ወደ ግራ ታጠፉ አለን፣ ታጠፍኩ፣ እንደገና ግራ፣ ከዚያ አንዲት ጠባብ መንገድ አስገባንና ከረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች መሃል ካለ ግቢ አደረሰን። ከዚያ ዝም አለ። "ደርሳችኋል" አላለም፣ "ተመለሱ" አላለም።

"ይቺ ፈረንጅ ሴትዮ እዚህ ዘመድ አላት እንዴ?" አሉ ጋሼ።

ስክሪኑን አየሁት። አድራሻው የባተርሲው ነው፣ አልተቀየረም። ርቀት ዜሮ ይላል። የቀረው ጊዜ ግን አሥራ አራት ደቂቃ። የምትሄዱት መንገድ ከሌለ የምትፈጁት ጊዜም የለም፣ ይህን ተማሪዎቼም ያውቁታል። ረጅም ሕንፃ ምልክቱን እያነጠረ ያሳስተዋል ብዬ የሳተላይቶቹን ገጽ ከፈትኩ፣ የምልክቱን ጥንካሬ የሚያሳዩት ዘንጎች በሙሉ ድርድር ብለው ሞልተዋል፣ እንዲያውም እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም። ግቢው ጭር ብሏል፣ ከአንዱ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ሲወርድ፣ ሲቆም፣ ተመልሶ ሲወጣ ይሰማል፣ የሚወጣ ሰው ግን የለም።

"ውጪ ከዚህ፣ ልጅት፣ አትቁሚ!" አሉ እትዬ አስካለ፣ ድምፃቸው ተለውጧል።

ድምፁን ዘጋሁትና በጋሼ ባስ መንገድ ልሄድ ቆረጥኩ። "ቀጥ በይ፣ አሁን ቀኝ፣ እዚህ ጋ አንድ ዛፍ ነበር..." እያሉ መሩኝ፣ ጥሩ እየሄድን ሳለ መንገዱ ተቆፍሮ ታጥሯል፣ አማራጭ መንገድ የሚያሳይ የቀስት ምልክት በጎን መራን፣ ከዚያ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ሆነ፣ መዞሪያ የለውም፣ የመድረሻ ሰዓቱን አያለሁ፣ 5:42 እንዳለ ነው፣ ስንርቅም 5:42፣ ስንዞርም 5:42። መንገዱ አልቆ ብቅ ስንል፣ እዚያው ግቢ፣ ሰዓቱም ልክ 5:42።

"በስመ አብ!" አሉ እትዬ አስካለ።

ከዚያ መሣሪያው ቀስ ባለ ድምፅ "ደርሳችኋል" አለ። ድምፁን ዘግቼው ነበር ብያችኋለሁ፣ ምናልባት ቁልፉን በደንብ አልጫንኩት ይሆናል፣ አላውቅም።

የሕንፃው በር ተከፈተና ሮማን ወጣች። ካፖርቷን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ እጇ ላይ ስልኳ እየጠራ፣ ጣቷ ሊያነሳው ሲል በመኪናው መብራት አየችን። እትዬ አስካለ እንዴት እንደወረዱ አላየሁም፣ "አምጪው እስቲ የኔ ልጅ" ብለው ስልኩን ከእጇ ወሰዱት፣ የአገር ቤት ቁጥር ነበር። ሮማን እሳቸውን አየች፣ ጋሼን አየች፣ እኔን አየች። በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው ለምን እንደሚመጣ ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም።

"እናቴ ናት?" አለች።

ጋሼ "ግቢ ልጄ፣ ውስጥ ሆነን" ብቻ አሉ፣ እትዬ አስካለም ከመውደቋ በፊት አቀፏት።

ኋላ ስትረጋጋ ነገረችን፣ ማታ ቤቷ ማሞቂያው ተበላሽቶባት የሥራ ጓደኛዋ ጋ ልታድር መጥታ ነው፣ ለማንም አልተናገረችም። "ማን ነገራችሁ?" አለችን። እትዬ አስካለ ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። ከሁለት ወር በኋላ ልጇን በሰላም ተገላገለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በዚያው በመርዶው ሳምንት፣ እሁድ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከኤሌፋንት ተነሳሁ፣ ያንኑ ፖስት ኮድ አስገባሁ፣ መሣሪያው በቀጥታ ባተርሲ ወሰደኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ። እፎይ አልኩ፣ ነገሩንም ተውኩት።

ያለፈው ሐሙስ ግን፣ እመኑኝ ይህን ልጽፈው አልፈለግኩም፣ የትምህርት ቤቴን አድራሻ አስገብቼ ስወጣ ዙሪያውን አዙሮ የራሴ ቤት በር ላይ መለሰኝ። ርቀት ዜሮ። የቀረው ጊዜ ዘጠኝ ደቂቃ። ዘጠኙ ደቂቃ ሲያልቅ በሬ ላይ ማን እንደሚመጣ ለማየት አልጠበቅኩም፣ መሣሪያውን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በባስ ሄድኩ። ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ፣ እህቴ "ሁላችንም ደህና ነን" አለችኝ፣ "አባባስ?" ስላት "ተኝቷል፣ አልቀስቅሰው" አለች። በማግስቱም ተኝቷል፣ ትናንትም ተኝቷል። ደህና ይሆናል። ግን እኛ ስንደብቅ እንዴት እንደምንናገር አውቃለሁ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ነገ ጠዋት መኪና ውስጥ ስትገቡ የምታውቁትን አድራሻ አስገቡና ሆን ብላችሁ በተቃራኒው ንዱ፣ የመድረሻ ሰዓቱን አይታችሁ መዝግቡ። መጨመር አለበት፣ ሂሳቡ ግድ ይላል። ካልጨመረ ግን እንደ እኔ አትሽሹ፣ ወደሚላችሁ ሂዱና እዚያው ቁሙ፣ ደቂቃው እስኪያልቅ ጠብቁ።