ክቡር እጄ

መምህርት ፔኒና በደሴቷ መንደር፣ በማስተማሪያ ክፍሏ ወለል ላይ በደረቷ ተደፍታ ነበር። ገጀራ ከአንገቷ ሥር ገብቶ እስከ ትከሻዋ ሰንጥቋታል። ደሙ በአሥሩ አሮጌ ላፕቶፖች ጠረጴዛ ሥር ሄዶ ረግቷል። የትናንት ምሽት ትምህርቷ ከሰሌዳው ላይ አልጠፋም፦ «ማሽን የጻፈላችሁን ሳታነቡ በስማችሁ አትላኩ።»

ሳጅን ላጊ ተንበርክካ የሟቿን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈተች። ከመዳፏ የተቀደደ የወረቀት ጥግ ወጣ። ጽሑፍ የለበትም፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ የመስመር ጫፍ ብቻ አለበት።

«ላምባውን አምጡት!» የሚል ጩኸት ከውጭ ተሰማ።

የፔኒና ወንድሞች የመንደሩን ሽማግሌ የአለቃ ቱኢሳን ቤት ከበዋል። የሽማግሌው ልጅ ጠጠሩ ላይ ተንጋሎ ከነጥርሱ ደም ይተፋል። ላጊ ከአንድ ፖሊስ ጋር መሐል ገባች።

«አሌኪ፣ ገጀራህን አውርድ።»

«አንቺ ሕግ አለሽ፣ እኔ የእኅቴ ሬሳ አለኝ» አለ ታላቅየው። «ሽማግሌው ራሱ አምኗል። አንብቢው!»

መልእክቱ ጎሕ ሲቀድ ከቱኢሳ ስልክ ለመንደሩ ሁሉ የተላከ ነው፦ «እኔ ቱኢሳ፣ መምህርቷ በሰው ፊት ስላዋረደችኝ ክቡር እጄን አነሣሁባት። በገጀራዬ ገደልኋት። ክቡር ልቤም ተጸጽቷል።»

ላጊ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እስከ ቀትር ስጠኝ» አለች።

«እስከ ቀትር። ከዚያ ቤቱን ከነሰዎቹ እናነደዋለን።»

አለቃ ቱኢሳ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ስልክዎ የት ነበር አባባ?»

«እዚያው ክፍል። ስንማር ስልካችንን ቅርጫት ውስጥ እንጥላለን፤ ስወጣ ረሳሁት።»

«የመክፈቻ ቁጥሩስ?»

ሽማግሌው አፈሩ። «ጀርባው ላይ ለጥፌዋለሁ። ‹ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መተው ነው› ብላ ሁለቴ ተቆጥታኛለች።»

«ገጀራዎስ?»

«ደጅ ግንድ ላይ ተሰክቶ ያድራል።»

«አዋርዳዎት ነበር?»

«ማውሱን ገልብጬ ብይዘው ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ለዚህ ሰው ይታረዳል?»

ከትምህርቱ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሦስት ነበሩ፦ እሳቸው፣ የፓስተሩ ሚስት ማሊያ፣ እና አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ሴፎ።

ማሊያ አልደበቀችም። «አዎ፣ ተጣልተናል። ባሌ ስብከቱን ላፕቶፑ ላይ ራሱ በሚጽፈው ማሽን ሲያስጽፍ ያዘችው። ‹ለእግዚአብሔርም ወኪል ላካችሁ?› አለችን። እውነቷን ነው፤ ግን አንጀቴ አረረ። እኔ ስወጣ ሴፎን ‹ከቅዳሜ በፊት አንተው ንገራቸው› ትለው ነበር።»

ሴፎ ባሕር ማዶ ኦክላንድ አድጎ ባለፈው ዓመት የመጣ ጎረምሳ ነው። ላፕቶፖቹን የሚጠግነው እሱ ነው። ቅዳሜ በጉባኤ ፊት የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ የአለቅነት ስም ሊቀበል ነው።

«ምን እንድትናገር ነበር?»

«ሁለት ላፕቶፕ መበላሸቱን ነዋ፣ ሳጅን» አለ ፈገግ ብሎ።

ላጊ ፖሊሱን በጆሮው አንድ ነገር ነግራ ላከችው።

በቀትር ሁሉም መሰብሰቢያው ቤት ገቡ። አሌኪ ላምባውን እግሩ ሥር አስቀመጠ። ላጊ መልእክቱን በወረቀት ገልብጣ ነበር። «ሦስታችሁም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ታነባላችሁ» አለች።

ቱኢሳ ጀመሩ። «እኔ ቱኢሳ… ስላዋረደችኝ…» ፊታቸው ቀላ። «ብትገድሉኝም ይህን ቃል ከአፌ አላወጣም።»

ማሊያ እስከ መጨረሻው አነበበች። እዚያ ቦታ ስትደርስ ግን ሳታውቀው «ደካማ እጄን» አለች።

ሴፎ በሚያምር ድምፅ አነበበ። «ክቡር እጄን አነሣሁባት… ክቡር ልቤም…»

አንዲት አሮጊት አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ሳቁ ግን አመለጣት። ሌላዋም ተከተለቻት። በሐዘን ቀን ሳቅ!

«ምን ያስቃል?» አለ ሴፎ።

«ራስህን አንቱ አልህ» አለች ላጊ። «በቋንቋችን ክቡር እጅ የሚባለው የሌላ ሰው እጅ ነው። ንጉሥ እንኳ የራሱን ‹እጄ› ብቻ ይላል። ቱኢሳ አርባ ዓመት የመንደሩ አፈ ጉባኤ ናቸው፤ ቢቃጠሉ ይሻላቸዋል። የማሊያን ምላስ ሰማችሁ፤ ራሱ አረመው። ማሽኑ ግን ማን ስለ ማን እንደሚናገር አያውቅም፤ የክብሩን ቃል ሁሉ ከመረው። እንዲህ ያለውን የላከው በማሽን አስጽፎ፣ ቢያነበውም ስሕተቱን የማያይ ሰው ነው። የአጎትህ ስልክ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ቁጥሩ ጀርባው ላይ፣ ገጀራቸው ደጅህ ላይ ነበር።»

«ለምን እገድላታለሁ?»

ፖሊሱ ገብቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። ከሴፎ መኝታ ሥር የተገኘ የቅዳሜው ንግግር ነው። «ክቡር አፌ»፣ «ክቡር እግሬ» ይላል፤ ከየቃሉ ሥር የፔኒና ቀይ መስመር አለ። ጥጉ ተቀዷል። ላጊ ከሟቿ መዳፍ ያወጣችውን ቁራጭ ብታስጠጋው ልክክ አለ። ጠርዙ ላይ በደም የጣት አሻራ ታትሟል።

«‹ማሽኑ የሌለ አያት ፈጥሮልሃል፣ አንተም ልትምልባቸው ነው› አለችኝ!» ብሎ ጮኸ ሴፎ። «በመንደሩ ፊት ልታስቅብኝ!»

ወደ በሩ ዘለለ። አሌኪ በገጀራው ጀርባ መንጋጋውን ሲመታው አጥንቱ ቀጭ አለ። ላጊ በላዩ ተወርውራ በሰውነቷ ከለለችው፤ ካቴናውንም አስገባች።

«ገዳዩም ሽማግሌውም የአንድ ቤት ደም ናቸው!» አለ አሌኪ፤ ላምባውን አነሣ።

ቱኢሳ ቤታቸው ገብተው ትልቁን የክብር ምንጣፍ ይዘው ወጡ። በሟቿ እናት ደጃፍ ጠጠሩ ላይ ተንበርክከው ምንጣፉን ከራስ እስከ እግር ተከናነቡ። በዚህ የምሕረት መለመኛ ሥርዓት ሳጅንም ሕግም አይገባም፤ የሟች ወገን ወይ ይመታል፣ ወይ ምንጣፉን አንሥቶ ይምራል።

አሌኪ ገጀራውን ለመምታት ከፍ አደረገ። እናቲቱ ወጣች።

«ክቡር ቤትሽን በደም ያጨቀየሁት እኔ ነኝ» አሉ ቱኢሳ ከምንጣፉ ሥር። «የወንድሜን ልጅ ተቀብላ ያስገባች ይህች ምናምንቴ እጄ ናት። ቁረጫት።»

እናቲቱ የልጇን ክንድ ወደ ታች ተጭና፣ ጎንበስ ብላ የምንጣፉን ጫፍ ያዘች።

«ክቡር እጅዎን ይስጡኝ» አለች። «ይነሡ።»