ማኩረፊያው ክፍል

ምንታምር እንደማንኛውም ያኮረፈ የደጀን ነዋሪ ቡድዋር ገባች። ደጀን ማርስን የምትዞር ከተማ ናት፤ ቤቶቿ ጠባብ ስለሆኑ በየፎቁ አንድ አንድ ቡድዋር ተሠርቶላታል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። «ማኩረፍ» ከሚል ግስ የወጣ ሲሆን፣ ድሮ የወይዛዝርት የግል ክፍል መጠሪያ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ግሱን ቃል በቃል ወሰዱት፤ ክፍሉ የሰውየውን የልብ ምትና ትንፋሽ እየለካ፣ ድምፅ በማያስገባ ግድግዳ ዘግቶ፣ ኩርፊያው እስኪበርድ ያስቀምጠዋል።

ያኮረፈችው ታላቅ ወንድሟን ዳምጠውን ነው። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን ሳያማክራት ወደ ሳተርን በምትሄደው መርከብ ተመዘገበ። መርከቧ ዛሬ ትነሳለች፤ ተሳፋሪዎቿ ለዓመታት ተኝተው ይጓዛሉ፣ ተመልሶ የመጣም የለም።

ምንታምር ልትሰናበተው ትፈልጋለች፤ እንዴት አትፈልግም? ግን ያኮረፈ ሰው በገዛ እግሩ አይወጣም። ይለምኑታል፣ እንቢ ይላል፣ ደግመው ይለምኑታል፣ በስንት መከራ ይነሳል። ልጅ ሳለች ዳምጠው «ያኩራፊ ምሳው እራት ይሆናል» እያለ ይስቅባትና ምሳዋን ግን ሳይበርድ ይዞላት ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ቆይቶ ንዴቷ አለቀና ሆድ ባሳት፤ በዚያ ጸጥታ የምትሰማው የገዛ ትንፋሿን ብቻ ነው።

«ሰው አልጠየቀኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ወንድምሽ በር ላይ ነበር» አለ ክፍሉ በለስላሳ ድምፁ።

ብድግ አለች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ያኮረፈ ሰው ብቻውን መሆን ይፈልጋል። ጎብኚ መመለስ ሥራዬ ነው።»

«ምን አለ?»

«‹ምንትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሞቴ ውጪ› አለ። መለስኩት፤ ደጋግሞ መጣ። ኋላ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆየና ‹በቃ፣ ይቅር አላለችኝም› ብሎ ሄደ።»

«መርከቧስ?»

«ተነስታለች። ተሳፋሪዎቹም ተኝተዋል።»

ምንታምር ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እያለቀሰች ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ኩርፊያሽ ጠፍቷል» አለ ክፍሉ። «መሄድ ትችያለሽ።»

መሣሪያው አልተሳሳተም። ሰው የሚያኮርፈው መጥቶ የሚያባብለው እንዳለ ሲያምን ነው፤ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ ማንም የላትም።

«ዝጋው» አለችው።

«አልችልም» አለ። «ይህ ክፍል ላኮረፈ ሰው ብቻ ነው።»